ከጋፋት እስከ ካሪየር ሴንተር፦ በውጭ ገንዘብ የተጀመረ የወጣቶች የሙያ ምክር እንዴት ይጸናል?

ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚስዮናውያንን ሰብስበው መድፍ ሲያሠሩ፣ ከዚያው ጎን ለአገሬው ልጆች ትምህርት ቤት አስከፍተው ነበር። ልጆቹ ፊደል ይቆጥራሉ፤ ከዚያም ከባለሙያዎቹ ሥር ሆነው እጅ ሙያ ይለምዳሉ። ጋፋት ሲነሣ ሁላችንም የምናስታውሰው ሴባስቶፖልን ነው፤ ወደ ሰባት ቶን የሚመዝነው መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ እስኪወጣ የፈጀውን ድካም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ትምህርት ቤቱን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ መቅደላ ላይ ሲወድቁ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ወረዱ። መድፉ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ተቀምጧል፤ ጋፋት ግን የሙያ መንደር ሆና አልቀጠለችም።

ነገሩን ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እዚህ ቃና ዘገሊላ ሲከበር፣ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ዋሽንግተን ላይ ሥልጣን በያዙበት ዕለት የውጭ ልማት እርዳታ ለ90 ቀናት እንዲታገድ ትእዛዝ ፈረሙ። መጋቢት ሲገባ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ከዩኤስኤአይዲ ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዛቸውን አስታወቁ። ሰኔ 24 ደግሞ ድርጅቱ ራሱ ሥራውን አቆመ። በእኛ አገር ቀድሞ የተሰማው የጤናው ጉዳይ ነበር፤ በአሜሪካ ገንዘብ ይቀጠሩ የነበሩ 5,000 ያህል ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ጻፈ። ያ ሁሉ ሰው ሲወጣ የወጣቶች ፕሮግራሞች ድምፅ ሳያሰሙ መቆማቸውን ልብ ያለው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ለአምስት ዓመት ታስቦ የተጀመረውና በየከተማው ወጣቶችን ከሥልጠና፣ ከሙያ ምክርና ከሥራ ጋር ያገናኝ የነበረው «ከፍታ»ም ከዕገዳው ሥር ከወደቁት አንዱ ነበር። መድኃኒት ሲቋረጥ ሰው ይታመማል፣ ይጮኻል። ምክር ሲቋረጥ ግን ወጣቱ ዝም ብሎ ቤቱ ይቀመጣል፤ ወይ ወደ ደላላ ይሄዳል።

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ሁሉም ነገር ዛሬ የተጀመረ ይመስላል። ለእኛ ግን አራተኛ ወይም አምስተኛ ጊዜያችን ነው። የውጭ ሰው በገንዘቡና በዕውቀቱ መጥቶ ለልጆቻችን የሙያ መንገድ ሲያሳይ፣ ከዚያም ሲሄድ፣ ይህች አገር ደጋግማ አይታለች። አንዳንዱ እንደ ጋፋት ከሰዎቹ ጋር አብሮ ሄዷል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሥር ሰዶ እስከ ዛሬ እያስተማረን ነው። ልዩነቱ የመጣው ከየት እንደሆነ ማወቅ የእኛ፣ የወራሾቹ፣ ሥራ ነው።

ከውጭው በፊት የራሳችን ነበረን። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ የሚያየው የኔታ ነው። ድምፁና ጆሮው ለዜማ ያደላውን ድጓ እንዲያስመሰክር ወደ ጋይንት ቤተልሔም ያሻግረዋል፤ ነገር የሚበልትና የሚፈለስፈውን ወደ ቅኔ ቤት፣ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይልከዋል፤ አቋቋም የሚሻው ጎንደር ይወርዳል። መምህሩ ልጁን በዝና ወይም በወረቀት አያውቀውም፤ አጠገቡ አስቀምጦ፣ ሲሳሳት ሰምቶ፣ ሲታረም አይቶ ነው የሚያውቀው። ወጪውንስ ማን ይችላል? መንደሩ። የቆሎ ተማሪው ኮሮጆውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ከየቤቱ ቁራሽ ይወጣል። በወሎ የደረሶችም ኑሮ ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ሼኹን ብሎ ከሩቅ የመጣውን ደረሳ የአካባቢው ሰው ያበላል። ያ ቁራሽ የሚቆምበት የበጀት ዓመት አልነበረውም።

ይህን ስል ያለፈውን እያሞካሸሁ አይደለም። መንገዱ ጠባብ ነበር፤ ሴት ልጅ ከደጁ አትደርስም ማለት ይቻላል። ከቤተ ክህነቱ ውጭ ያለው የእጅ ሙያ ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ ቢተላለፍም ከስድብ ጋር ነበር የሚተላለፈው። አንጥረኛው «ቡዳ» ይባላል፤ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ ሁሉም ቅጽል አላቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ያንን አዋጅ በአገራችን የመጀመሪያው የሙያ ምክር አድርጌ ነው የማየው፤ አገርን በሙሉ አንድ ላይ ያነጋገረ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም፣ ልጄ ቧንቧ ሠራተኛ ይሆናል ብሎ በኩራት የሚናገር ወላጅ ስንት አለ? ማንኛውም አማካሪ ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ፊት ቆሞ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ የመረጣው ሥራ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ። በምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ የመጡ መምህራን ቋንቋ አስተማሩ፤ በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ጥቂት ልጆች ወደ ውጭ ተላኩ። ከዚያ ፋሺስት መጣና በየካቲት 12 ጭፍጨፋና ተከትሎት በመጣው አደን ያንን ቁጥሩ አነስተኛ የተማረ ትውልድ አጨደው። ከነጻነት በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ለረጅም ዓመታት ራሳቸው ይዘው ቆዩ። የተማረ ሰው በጠፋበት በዚያ ዘመን፣ ለጨረሰ ሁሉ ወንበር ይጠብቀው ነበርና «ምን ልሁን?» የሚለው ጥያቄ እንደ ዛሬ አያስጨንቅም።

በዚህ ወቅት ነው ልናጠናው የሚገባን ታሪክ የተጀመረው። የኦክላሆማው እርሻ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት ኢትዮጵያን ጎብኝተው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተነጋገሩ፤ ጥቂት ቆይተውም «ፖይንት ፎር» ተብሎ ለሚታወቀው የአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ፕሮግራም የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1951 የነበሩበት አውሮፕላን ቴህራን አጠገብ ተከሰከሰና ሞቱ። ሐሳቡን ያመጣው ሰው ከመጀመሩ በፊት አለፈ፤ ሥራው ግን አልቆመም። በ1944 ዓ.ም. ውሉ ተፈረመ፤ ጅማ ላይ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ቀጥሎም የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ሐረርጌ ላይ ቆመ። አሜሪካውያኑ መምህራን እያስተማሩ፣ ከተመራቂዎቹ የተሻሉት ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የኦክላሆማው ኮሌጅ እስከሚገኝበት ስቲልዋተር ድረስ ይላኩ ነበር። ሲመለሱ የሚይዙት ወንበር የታወቀ ነው፦ አሜሪካዊው የሚለቀው። በ1960 ዓ.ም. የኦክላሆማ ውል ሲያበቃ ኮሌጁ አልተዘጋም። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው እሱ ነው፤ የጅማው ትምህርት ቤትም በጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የግብርና ኮሌጅ ሆኖ አለ።

በዚያ መንገድ ካለፉት አንዱ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ናቸው። የተወለዱት ኦሎንኮሚ፣ ከደሀ ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ 20 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ እሑድ ማታ በእግር ሄደው ሳምንቱን እዚያ ከርመው ዓርብ ይመለሱ ነበር። ልጁ መሐንዲስ መሆን አስቦ ሳለ ወደ ግብርና የመለሱት እናቱ ናቸው። ጅማ ገቡ፤ ከዚያ ዓለማያ፤ ከዚያ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አበርክተው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። እዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት አማካሪዎች አሉ። አንዷ ያልተማሩ እናት ናቸው፤ ልጃቸውንም አፈሩንም ያውቃሉ። ሌላው እናትየው የጠቆሙበትን መንገድ እስከ መጨረሻ የሚያስኬድ ተቋም ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ምክሩ ምኞት ሆኖ ይቀር ነበር። ዛሬ በምክር ስም የምንሠራው ብዙ ነገር ከሁለቱ አንዱን ብቻ የያዘ ይመስለኛል።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም እንዲሁ ነው። በደምቢያ ሜዳ ብዙ ሕዝብ በወባ ካለቀ በኋላ፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ ድጋፍ በ1947 ዓ.ም. ተከፈተ። የሚያሠለጥነው የጤና መኮንን፣ የኮሚዩኒቲ ነርስና የጤና ጥበቃ ባለሙያ ነበር፤ ሦስቱም በመንግሥት መዋቅር ውስጥ የተዘጋጀ መደብ ነበራቸው። ተመራቂው ወጥቶ ሥራ ይለምን ዘንድ አልተተወም።

የሰላም ጓድን በተለየ ዓይን ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1962 ከ270 በላይ ወጣት አሜሪካውያን በአንድ ጊዜ መጥተው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ተበተኑ። በዚያ ትውልድ ያደጉ አባቶችና እናቶች ዛሬም የሚያነሡት መምህር ስም አላቸው፤ «ኮሌጅ መግባት ትችላለህ» ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ የነገራቸው እሱ ነውና። ፍቅራቸው እውነት ነው። ግን መምህሩ በሁለት ዓመቱ ይሄዳል፤ ልጁን ማን ይረከብ እንደነበር የተጻፈ ነገር የለም። ጓዱ በ1969 ዓ.ም. ወጣ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ወጣ፤ ተመለሰ። ከዚያ ዘመን ለእኛ የበለጠ የሚመስለኝ ከራሳችን የወጣው ነው። የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት»ን አቋቁሞ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ማሰማራት ጀመረ። ገጠር ያለው ተማሪ ፊት ለፊቱ የሚያየው ከእሱ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ፣ በቋንቋው የሚያወራ፣ ትናንት በእሱ ወንበር የተቀመጠ ወንድም ነው። አብዮቱ ሲመጣ ይህም ቀረ። በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተውጦ ጠፋ፤ በዚያ መልኩ የመለሰውም የለም። ከተጣሉት ትምህርቶች ሁሉ ይህ ያሳዝነኛል።

አንድ ሌላ ትምህርት ደግሞ አለ፤ መራራ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ 12ኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ያጣ ወጣት መብዛት ሲጀምር መንግሥት «የትምህርት ሴክተር ሪቪው»ን አስጠና። የዓለም ባንክ ገንዘብ ነበረበት፤ የአገር ውስጥና የውጭ ባለሙያዎች ተሰበሰቡ። ያቀረቡት ሐሳብ ውስጥ ዛሬም የሚያስማማ ብዙ ነገር አለ፦ ትምህርት ከኑሮ ጋር ይገናኝ፣ ለገጠሩ ይድረስ፣ ለሙያ ያዘጋጅ። ነገር ግን ለብዙኃኑ የታሰበው የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ነበር። ይህ ወሬ ወደ መምህሩና ወደ ወላጁ ሲደርስ «የደሀ ልጅ እዚህ ላይ ይቁም» ተብሎ ተሰማ። መምህራን በየካቲት 1966 ሥራ አቆሙ፤ ከታክሲ ነጂው አድማ ጋር ተገናኘ፤ መንግሥት ዕቅዱን አነሣው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ መንግሥቱ ራሱ አልነበረም። ያ ሰነድ አብዮቱን አመጣ እያልኩ አይደለም። ግን የአንድ ትውልድ የሙያ መንገድ በባለሙያ ጠረጴዛ ተሠምሮ መምህሩና ወላጁ ሳይጠየቁ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ከእኛ በላይ የሚያውቅ አገር ሊኖር አይገባም።

ከዚያ በኋላ ያለው በአጭሩ ይነገራል። ደርግ ምደባን አመጣ፤ ተመራቂው የት እንደሚሄድ የሚነግረው ዝርዝር ላይ የተለጠፈ ስሙ ነው። ምደባው ቀረ፤ ልማዱ ግን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲያጠና ተወሰነ፤ ሕግ ያሰበ ልጅ ምህንድስና ሲደርሰው አየን። ልጁ ሳይጠየቅ በተመደበበት ቤት አማካሪ ምን ይሠራል?

እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው ፕሮጀክቱ የገባው። ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ በዩኒቨርሲቲዎችና በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች «ካሪየር ሴንተር» የተባሉ ክፍሎች ተከፈቱ። አሜሪካ፣ አውሮፓ፣ የማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ሌሎች ገንዘቡን አወጡ። ሲቪ አጻጻፍ፣ ቃለ መጠይቅ፣ «ሶፍት ስኪል»፣ የሥራ ዐውደ ርዕይ። ብዙ ወጣት ተጠቅሟል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። እስከዚያ ድረስ ማንም ቁጭ አድርጎ «አንተ ምን ትወዳለህ?» ያላለውን ልጅ አንድ ሰው ጠየቀው።

ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ አንዱን ክፍል አየሁት፤ በአንድ የክልል ከተማ የሚገኝ ኮሌጅ ውስጥ። ባነሩ ግድግዳው ላይ አለ፤ የለጋሹ አርማ ከታች ተደርድሯል። ኮምፒውተሮቹ ጨርቅ ለብሰዋል። የንብረት ክፍል ኃላፊው በጥንቃቄ የያዙትን ፋይል ከፍተው ሞዴል 19ኙን አሳዩኝ፤ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ፕሪንተር፣ ፕሮጀክተር ሁሉም በሥርዓቱ ገቢ ሆኗል። አማካሪዋስ ብዬ ጠየቅሁ። ኮንትራቷ አልቆ ወደ ሌላ ድርጅት ሄዳለች፤ የእሷ መደብ በኮሌጁ መዋቅር ውስጥ የለም። አንድ መምህር እንደነገሩኝ ወፍራም ደብተር ነበራት። የከተማውን ጋራዦች፣ ሆቴሎች፣ የብረታ ብረት ቤቶች ባለቤቶች በስም ይዛበታለች፤ ማን ተለማማጅ እንደሚቀበል፣ ማን ሴት ልጅ እንደማይቀጥርና ማን ደግሞ ተለምኖ እንደሚቀጥር፣ ማን ሰኞ ጠዋት ብቻ እንደሚገኝ። ያ ደብተር የፕሮጀክቱ ትልቁ ሀብት ነበር። ማንም ርክክብ አልጠየቃትም፤ ሞዴል 19 ላይም የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

ኮሌጁን አልወቅስም። ዲኑ መደብ መፍጠር አይችሉም፤ መዋቅር የሚወጣው ከላይ ነው፤ የሥራ ደረጃ ምዘና አልፎ፣ ደመወዝ ተቆርጦለት፣ በጀት ተይዞለት። ያ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፤ ፕሮጀክቱ ደግሞ ሦስትና አምስት ዓመት ነው። የማስረከቡ ነገር የሚነሣው በመጨረሻው ዓመት፣ በመጨረሻው አውደ ጥናት ላይ ነው። የዓለማያ ሰዎች ግን ተተኪን ከጅምሩ ያዘጋጁ ነበር፤ ውሉም 16 ዓመት ቆይቷል። ምሥጢር ካለ ይህ ነው። የሚሄደው ሰው የሚለቀውን ወንበር ማን እንደሚቀመጥበት ቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ደመወዙም ከማን ኪስ እንደሚወጣ።

በዘመናችንም በዚህ መንገድ የጸና አለ። በጀርመን ድጋፍ ከተሠሩት የቴክኒክና ሙያ ማሻሻያዎች ውስጥ የሙያ ደረጃውና የብቃት ምዘናው፣ ሁላችንም «ሲኦሲ» የምንለው፣ ፈረንጆቹ ከሄዱም በኋላ ቀጥሏል። ጉድለቱ ብዙ ነው፤ ተመዛኙም መዛኙም ያማርራል። ግን በአዋጅ ገባ፤ ኮሌጁም ቀጣሪውም ወረቀቱን ይጠይቃል። ምክርን ግን ማንም አይጠይቀውም። ያለ ምክር የተመዘገበ ተማሪን መልሱልኝ የሚል ሬጅስትራር የለም፤ የአማካሪውን ቢሮ ባዶ አግኝቶ ሪፖርት የሚያደርግ ኢንስፔክተርም አላየሁም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለ ሙያ መምረጫ ምክር ምክረ ሐሳብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፤ በ1975 ደግሞ ኮንቬንሽን 142ን አጸደቀ። ኢትዮጵያ የዚያ ድርጅት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ሐሳቡ ባዳ አይደለም። ባዳ ሆኖ የቀረው ወጪው ነው።

አሁን ጊዜው ጠብቧል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚያ ሰሞን የተነጋገርነው ስለ ኩረጃና ስለ ትምህርት ጥራት ነበር፤ ልክም ነው። ስለቀሩት 97 በመቶ፣ በማግስቱ ጠዋት ተነሥተው ወዴት እንደሚሄዱ፣ የተናገረ ግን አልበዛም። ያ የሰው ብዛት የሚሄድበት አለው። በሞያሌና በመተማ መንገድ አለ፤ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚልክ ደላላ አለ፤ ሰፈር ድረስ መጥቶ፣ በእጅ ስልክ ፎቶ እያሳየ፣ ያለ ባነር የሚመክር። ከለጋሽ ገንዘብ ጋር የሚመጣና የሚሄድ አማካሪ ሁልጊዜ ሰፈር ከሚገኝ ደላላ ጋር እንዴት ይወዳደራል?

መግቢያው ግን ተከፍቷል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 11ኛና 12ኛ ክፍል ላይ የሙያ ትምህርት ዘርፎች ገብተዋል፤ ይህ ማለት ምርጫው ወደ 10ኛ ክፍል፣ ወደ 16 ዓመቱ ልጅ ወርዷል ማለት ነው። በ2014 የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አለ፤ ትምህርት ሚኒስቴር አለ፤ ሁለቱ መካከል አማካሪው የማን ሠራተኛ እንደሆነ መወሰን የማንንም ለጋሽ ፈቃድ አይጠይቅም። አሁን ድረስ በየሁለተኛ ደረጃው «ጋይዳንስ» የሚባል ሰው አለ፤ ብዙ ቦታ የሚሠራው ዲሲፕሊን ነው፤ አርፍዶ የመጣውን ልጅ ይቆጣል። ያ መደብ የተከፈተ ወንበር ነው። የሥራ ዝርዝሩን ቀይሮ፣ ሰዓቱን ከዲሲፕሊን ነጥቆ፣ ደብተሩን የትምህርት ቤቱ ንብረት አድርጎ ማስጀመር ከአንድ ፕሮጀክት የምስረታ ዐውደ ጥናት የሚበልጥ ወጪ ያለው አይመስለኝም።

አዲስ ለጋሽ መምጣቱ አይቀርም፤ ታሪካችን ይህንንም ይነግረናል። ዋሽንግተን ስትሄድ ሌላ ዋና ከተማ ይመጣል፤ አንድ ቀን ዋሽንግተንም ትመለስ ይሆናል። ቀጣዩ ስምምነት ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ በእኛ በኩል የሚቀመጠው ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ በመጀመሪያው ዓመት ስንት አማካሪ በመንግሥት መደብ ይቀጠራል፤ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ከደመወዛቸው ስንት እጅ በእኛ በጀት ይያዛል፤ ርክክቡ ላይ ከኮምፒውተሩ ጋር የማን ስምና የትኛው ደብተር ይፈረማል። መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ ካለ ፊርማው አንድ ዓመት ይቆይ። ከወላጅና ከመምህር ጋር ለመነጋገር ያ ዓመት ያስፈልጋል፤ በ1966 ያልተደረገው እሱ ነበር።